ሚስማሩ ላይ ያለው ቀለበት

ኅዳር 8 ቀን 1995፣ እሑድ

ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። ደምመላሽ። ማንም አልጻፈልኝም። በገዛ እጄ ነው።

አርባ ሦስት ዓመት በጣቴ ስፈርም ኖርኩ። መካኒክ ስለሆንኩ ቀለም እንኳ አያስፈልገኝም ነበር፤ አውራ ጣቴ ላይ ያለው ዘይት ይበቃል። አሁን ግን አበቃ! የማታ ትምህርቱን ጨረስኩ። ከሠላሳ አንድ ጎልማሳ ሦስተኛ። የበለጡኝ ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ ስለዚህ ከወንድ አንደኛ ነኝ።

ደብተሩን የሰጠችኝ ቲቸር ታንጉት ናት። ከጎጃም ተመድባ የመጣች ልጅ ናት፤ ቢሆንም አንቱ ነው የምትለኝ። "ጋሽ ደምመላሽ፣ በየቀኑ ትንሽ ይጻፉ። እጅዎ እንዳይረሳ።" ምን ልጻፍ? "ያዩትን። ያወሩትን ግን አይጻፉ፤ ደብተሩ አይበቃዎትም።" ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አደርጋለሁ።

ዛሬ ምን አየሁ? ዝናብ። ጭቃ። ጋራዤ ስድስት ቆርቆሮና አራት ምሰሶ ነው፤ ያፈሳል። የሰው መኪና ማፍሰስ የማቆም ሰውዬ የራሴ ጣሪያ ያፈሳል... ሚስቴ አበዛሽ ጠጅ እያጠለለች ነው፤ ነግዳ የምታኖረን እሷ ናት ብል አታምኑኝም። ልጄ መሲ ጓዳ ሆና መዝሙር ትለማመዳለች። ጴንጤ ከሆነች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። በአንድ ጣሪያ ጠጅም መዝሙርም። እኔ ጠጁን እየጠጣሁ መዝሙሩን እሰማለሁ፤ ማንንም አላስቀይም።

ለማን ነው "አታምኑኝም" የምለው? ማንም አያነበውም እኮ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

አሮጊቷ መጣች። የጋሽ ገሠሠ መኪና ናት፤ ከቦንጋ ሺሺንዳ ሰውም እህልም የምትጭን። ከእኔ በሁለት ዓመት ብቻ ታንሳለች። ግን እኔ ጥርሴ አለ። ሹፌሯ ከፈለኝ ነው፣ የአበዛሽ ታናሽ ወንድም።

"ጋሼ፣ የቀኝ ኋላ እግሯ ያለቅሳል" አለኝ።

ከሥሯ ገባሁ። ጎማው በውስጥ በኩል ጠቁሯል። ነገሩ ገባኝ። እዚያ ዘይቱን የሚይዝ የጎማ ቀለበት አለ፤ ኦይል ሲል ይሉታል። ደርቆ ተሰንጥቋል። ዘይቱ እሱን ካለፈ የሚሄደው ወደ ታምቡሩ ነው፤ ፍሬን ሸራው ከውስጥ ሆኖ የሚይዘው ክብ ብረት። ሸራው ዘይት ከነካው... በሳሙና እጅ ዓሣ እንደመያዝ በለው።

መድኃኒቱ አዲስ ቀለበት ነው። ቦንጋ የለም፤ ጅማ አለ። ጋሽ ገሠሠ በአውቶቡስ ሹፌር ላኩ፤ ሁለት ሳምንት ይፈጃል ተባሉ። የሺሺንዳ ገበያ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠብቅም።

"እስከዚያ አንድ ነገር አድርግላት እንጂ ደምመላሽ።"

እስከዚያ! የእኔ ሙያ እኮ ይኼ ነው። አበዛሽ ጠጅ አጥልላ የተረፋትን ሰፈፍ ወሰድኩ፤ ያው የማር ሰም ነው። በእንሰት ቃጫ ለወስኩት፣ እንደ ገመድ ገመድኩት፣ በቀለበቱ ዙሪያ ጠቀጠቅሁት። ንብም ሸረሪትም እንዲህ አይሠራ።

"ሁለት ሳምንት፤ ከዚያ አታሳልፉት" አልኳቸው። ብያለሁ። ይኸው ጻፍኩት።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

አንድ ጠብታ የለም። አንድ!

ከፈለኝ ከሺሺንዳ ሲመለስ መኪናዋን ነጭ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ አቆማት። አንድ ሰዓት ጠበቅን። ጆንያው እንዳለ ነው። ሰው ተሰበሰበ። "ምን አድርገህባት ነው?" "መክሬያት ነው" አልኩ።

ንቦች መጡ ደግሞ። እውነቴን ነው። ሰፈፉ ሸትቷቸው ጎማዋ ላይ ሰፈሩ። አንድ ማር ሊሸጥ የመጣ ሰውዬ መኪናዋን ዞሮ አይቶ "ቀፎው ስንት ነው?" አለኝ። ሳቅን፣ ሳቅን... ጎኔን አመመኝ። ሰው መንገድ ላይ "ያቺት፣ ደምመላሽ በማር የሠራት" ይላል አሉ።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

ቀለበቱ ከጅማ መጣ። በካኪ ወረቀት ተጠቅልሎ። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የሴት አምባር የሚያክል። ጋሽ ገሠሠ ራሳቸው ይዘውት መጡ።

"በል እንግዲህ ግጠምላት።"

መግጠም ማለት ጎማውን መንቀል ነው። ታምቡሩን ማውጣት ነው። ሰፈፌን በናፍጣ ማጠብ ነው... ሰው ቆሞ የሚያየውን ሥራ፣ በገዛ እጄ።

"ጋሽ ገሠሠ፣ እውነቱን ልንገርዎት? የእኔው ከአዲሱ ይበልጣል።"

"ይበልጣል?"

"ይኼ ፋብሪካ የሠራው ነው። ያኛውን የሠራው ደምመላሽ ነው።"

ከት ብለው ሳቁ። "እንግዲህ አንተ ካልክ" አሉ። መኪናዋ አንድ ቀን እንኳ ሥራ አልፈታችባቸውም፤ ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ቀለበቱን ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ለክፉ ቀን። ያምራል ደግሞ።

ሁለት ሳምንቱ ዛሬ ነው የሞላው።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ሰላሐዲን የመኪና ማንሻ ክሪክ ሊዋስ መጣ። ማዶ ያለው መካኒክ ነው፤ ሙያውን ጅማ ተምሮ የመጣ፣ የማይስቅ ሰው። ሚስማሩን አየ።

"ደሜ፣ ይኼ ምን ይሠራል እዚህ?"

"ጌጥ ነው።"

"ሰም ነው አሉ ያደረግህባት።"

"ሰፈፍ።"

"ያው ነው። ቁልቁለት ወርዳ ስትቆም ታምቡሩን ነክተኸው ታውቃለህ?"

"እኔ ሚስት አለችኝ፤ ሌላ የሚሞቅ ነገር አልነካም" አልኩት።

አልሳቀም። ክሪኩን ተሸክሞ በሩ ጋ ቆመና "የሺሺንዳው መንገድ ለጥ ያለ ነው። ይቻል ይሆናል" ብሎ ሄደ።

ይቻል ይሆናል? ምን ማለት ነው?

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ

የምስክር ወረቀት ተሰጠን። ከወረዳ የመጡት ኃላፊ ስለ ዘላቂ ልማት አንድ ሰዓት ተናገሩ። ሲጨርሱ ቲቸር ታንጉትን ጠየቅኋት፣ ዘላቂ ምን ማለት ነው?

"የሚቆይ።"

ተቃራኒውስ?

"ጊዜያዊ።"

"ጊዜያዊም እኮ ከቆየ ዘላቂ ይሆናል" አልኳት።

አሰበችበት። "ይኼን አልተማርንም፣ ጋሽ ደምመላሽ።"

ረታኋት! ጎጃሜ ረታሁ!

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

ከፈለኝ እየሳቀ መጣ። ከሺሺንዳ ወዲህ ያለችውን ትንሿን ቁልቁለት ሲወርድ መኪናው ውስጥ ጧፍ ጧፍ ሸተተ አለ። ከኋላ የተጫኑት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ እናት "ሰው ሞቶ ነው የምንሄድ?" ብላ ጠየቀች። ማንም ጧፍ አልያዘም።

"አሮጊቷ ቆርባለች በላቸው" አልኩት። ተሳሳቅን።

ጧፍ ከምንድነው የሚሠራው? ከሰም። ጧፍ የሚሸተው መቼ ነው? ሲበራ...

ተወው። ብርዱ ነው፤ አፍንጫ ያሳስታል።

ታኅሣሥ 8

ሰፈፍ ጨመርኩባት። ማንም ሳያይ።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ከፈለኝ ምሳ እኛ ጋ በላ። አበዛሽ የእሱን ድርሻ ሁልጊዜ ታበዛለች፤ እናታቸው ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገችው።

"ጋሼ፣ ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ትጎትተኛለች" አለኝ ጎርሶ።

ወደ ግራ መጎተት ማለት የቀኙ አልያዘም ማለት ነው። ይህን ጀማሪም ያውቃል። ስንጨርስ ወጥቼ አየኋት። ጎማው ደረቅ። መሬቱ ደረቅ። የኋላውን ዘይት ለካሁት፤ ጎድሏል። ግማሽ ሊትር ጠጣች። መሬት ላይ አንድ ጠብታ ሳይኖር ግማሽ ሊትር የት ሄደ?

የት እንደሄደ አውቃለሁ። ቃጫው ወደ ውጭ የሚወጣበትን ዘጋው። ወደ ውስጥ፣ ወደ ታምቡሩ የሚሄድበትን አልዘጋም። ድሮ ስታለቅስ እናይ ነበር። አሁን ወደ ሆዷ ነው የምታለቅስ።

"ምን ሆነች ጋሼ?"

"እርጅና ነው። አንተም ትደርስበታለህ" አልኩት።

ለምን እንዲህ አልኩት?

ልፈታው ነበር እኮ። መክፈቻውን ይዤ ነበር። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው "ደግሞ ምን ሊጨምርባት ነው?" እያሉ ያዩኛል... መክፈቻውን መልሼ አስቀመጥኩ።

ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ

መሲ ደስ ብሏት ገባች። መዘምራኑ ለገና ጎጀብ ተጠርተዋል። ቅዳሜ ይወርዳሉ። አሥራ ሰባት ሆነው።

በምን ትሄዳላችሁ?

"በጋሽ ገሠሠ መኪና! ኮንትራት ያዝናት። አንዳንዶቹ አሮጌ ናት ብለው ፈሩ። እኔ ግን አባዬ ነው የሠራት፣ ከአዲስ ትበልጣለች አልኳቸው። አመኑኝ።"

አመኑኝ አለች።

የጎጀብ ቁልቁለት የሺሺንዳ አይደለም። ወርደህ፣ ወርደህ፣ አበቃ ስትል ደግሞ ትወርዳለህ። እግር ከፍሬን አይነሳም። ጆሮ ይደፈናል።

ራት አልበላሁም። አበዛሽ "ጾም ላይ ጾም ጨመርክ?" አለችኝ። ተነስቼ ወደ ጋራዡ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ

ጋሽ ገሠሠ ሱቅ ሄድኩ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ይጫወታሉ።

"ጋሽ ገሠሠ፣ ያቺን ቀለበት ብንገጥማትስ? ነገ አምጧት።"

"ነገ እህል ታመጣለች። ደግሞ ከአዲሱ ይበልጣል ያልከኝ ማን ነበር?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ያኔ ዋሽተኸኝ ነው፣ ወይስ አሁን ፈርተህ ነው?"

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። ለመሳቅ አፋቸውን አዘጋጅተዋል። ደምመላሽ ሲመጣ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። ዋሽቼ ነው። በቃ። አምስት ፊደል ብቻ።

"ቀልዴን ነው" አልኩ።

ሳቁ።

ታኅሣሥ 25፣ ዓርብ

ከፈለኝን መናኸሪያ አገኘሁት። "ነገ በማርሽ ያዛት። ፍሬን አታብዛ። ቀስ በል።"

"ጋሼ ደግሞ! መንዳት ልታስተምረኝ ነው? ማንበብ ሲጀምር ሁሉን አወቀ!" ትከሻዬን መታኝና ሄደ።

እኔ ዛሬ ለእሱ የነገርኩትም ሰፈፍ ነው። እውነቱን ሳልናገር አፌን የጠቀጠቅሁበት።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወጡ። እየዘመሩ። መሲ እጇን አወዛወዘችልኝ።

ታኅሣሥ 28፣ ሰኞ

 ቅዳሜ ያየሁትን እጽፋለሁ። ያወራሁትን አይደለም።

ከሄዱ በኋላ አሮጊቷ ያደረችበትን ቦታ ሄጄ አየሁ። ኋላ እግሯ የነበረበት መሬት ላይ ጥቁር ክብ ነገር አለ። ሰፈፍ። ዓርብ ማታ ከመንገድ ስትገባ ቀልጦ ወርዶ፣ ሌሊቱን ረግቶ። ንቦች ተሰብስበውበታል።

ሮጥኩ። ሰላሐዲን ጋ። ሞተር ብስክሌት ያለው እሱ ነው። "ቀልጧል። ሸራው በሙሉ ዘይት ነው። አውቅ ነበር" አልኩት። በአንድ ትንፋሽ። ያን ቃል ለመናገር ወር ሙሉ አልቻልኩም ነበር። ሞተሩን አስነሳ።

አልደረስንባቸውም።

ቁልቁለቱን አጋምሰን አንድ ጠመዝማዛ ላይ ስንታጠፍ ሰዎች መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። የደም ሽታ አልሸተተኝም። ጧፍ ነው የሸተተኝ። አገሩ በሙሉ ጧፍ ጧፍ ይላል።

መሲ የነገረችኝን እጽፋለሁ። እየዘመሩ ሳለ ሸተታቸው። "ማነው ጧፍ የያዘ? ጴንጤ ሆነህ ጧፍ?" እየተባባሉ ሳቁ። ከዚያ መኪናዋ መፍጠን ጀመረች። ከፈለኝ ፍሬኑን ደጋግሞ ረገጠ። በማርሽ ሊይዛት ሞከረ፤ አልገባለትም። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "አጥብቃችሁ ያዙ! ቁጭ በሉ! ቁጭ በሉ!" ብሎ ጮኸ። በቀኝ ገደል ነው። በግራ የተቆረጠ ተራራ። መሪውን ወደ ግራ ሰበረው። ተራራው ላይ በራሱ፣ በሹፌሩ ጎን አላተማት።

አሥራ ሰባቱም አሉ። እጅ የተሰበረ አለ። መሲ አንገቷ አካባቢ ተጎድታ ቦንጋ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ትድናለች ብለውኛል።

ከፈለኝ የለም።

አንድ ነገር ቀርቷል። እዚያ ቆሜ ሳለ እጄን አሾልኬ ታምቡሩን ነካሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሰላሐዲን ነክተኸው ታውቃለህ ብሎኝ ስለነበር ይሆናል። ከመዳፌ ቆዳው እዚያው ቀረ። ግራ እጄ ነው። ቀኙ ይጽፋል።

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ

ገና ነው። ትናንት ቀበርነው። ጠጁ እንደተጣለ ነው፤ የሚጠጣው የለም።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ለቅሶ ላይ ሰው ምን ይላል? "ወጣት ነው፤ ፈጥኖ ነው።" "ጎጀብ ላይ እንዲህ ይነዳል?" ጋሽ ገሠሠም "አደራ ብዬው ነበር" ይላሉ። አበዛሽ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ወንድሟን ስትቀብር አንድ፣ ስሙን ሲያጠፉት ሁለት።

እኔ ድንኳኑ ውስጥ ነኝ። ማንም ወደ እኔ አልዞረም። አንዱ እንዲያውም "ደምመላሽ፣ እንኳን መሲን አተረፈልህ" አለኝ።

ሰላሐዲን ከማዶ ያየኛል።  ዓይኑ አንተ ራስህ ተናገር ነው የሚለኝ።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ጠዋት ጋራዥ ከፈትኩ። ሥራ ልሠራ አይደለም። ሚስማሩ ላይ ያለውን ቀለበት አውርጄ ኪሴ ከተትኩትና ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ጠርተውኝም ነበር።

ሳጅን ኢሳያስ ወረቀቱን ጽፎ ጨርሶ ነው የጠበቀኝ። የቀለሙን ሳጥን ወደ እኔ ገፋ። "የመኪናዋ መካኒክ አንተ ነህ አይደል? እዚህ ላይ ጣትህን አሳርፍ። ሌላ ጣጣ የለብህም።"

"ላንብበው" አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። "ታነባለህ?"

ቀስ ብዬ፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። አሽከርካሪው ከፈለኝ ከመጠን በላይ በመፍጠኑ ይላል። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ተሽከርካሪዋ ምንም የቴክኒክ ጉድለት እንዳልነበረባት መካኒኩ አረጋግጧል።

"ማነው ያረጋገጠው?"

"አንተ ነሃ! ከአዲስ ትበልጣለች ብለሃል አሉ ባለቤቱ። አገሩ ሁሉ የሚያወራው እኮ ነው።"

አውራ ጣቴን አየሁት። ዘይት የለበትም። ሥራ ከሠራሁ አሥር ቀኔ ነው። አንድ ጊዜ ላሳርፍ እችል ነበር። የሞተ ሰው አይታሰር...

"ባዶ ወረቀት ይስጡኝ፣ ሳጅን።"

ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ስጽፍ አንድ ፖሊስ መጥቶ "ደምመላሽ ደግሞ ምን ቀልድ እየጻፍክ ነው?" አለ። ሳጅን ዝም በል አለው።

ቀለበቱን ከኪሴ አውጥቼ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩት።

"ይኼ ምንድነው?"

"ኅዳር 25 መግባት የነበረበት ነው።"

አገላብጦ አየው። ከዚያ ወረቀቱን አነበበ። ቀለበቱን መሳቢያው ውስጥ ከተተና ቆለፈው። "ከዚህ እንደማትወጣ ገብቶሃል?" አለኝ። ገብቶኛል።

አበዛሽ ወደ ማታ ምሳ ዕቃ ይዛ መጣች። ይህን ደብተርም። ከብረቱ ማዶ ቆመች። ጥቁር ልብሷ ላይ ሻሿን አጥብቃዋለች። እኔን አላየችም፤ ወለሉን ነው የምታየው።

"ጻፍክ አሉ።"

"ጻፍኩ።"

"ከፈለኝ ፈጥኖ አይደለም ብለህ?"

"አልፈጠነም ብዬ።"

አበዛሽ ማንበብ አትችልም። የማታ ትምህርቱ ሲጀመር ነይ ብያት ነበር፤ ጠጁን ማን ይሸጥልሃል ብላኝ ነው የቀረችው።

"በለው እስኪ፣ እንዴት ብለህ እንደጻፍክ።"

ወረቀቱ ሳጅን ጋ ነው። ግን እያንዳንዱን ፊደል አውቀዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ አልኩላት። *ሰፈፉን ያደረግሁት ለሁለት ሳምንት ነበር። ቀለበቱ መጥቶ ሚስማር ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ይበልጣል ያልኩት እኔ ነኝ። ከፈለኝ ወደ ግራ ትጎትተኛለች ብሎ ነግሮኛል፤ እርጅና ነው አልኩት። ከፈለኝ አልፈጠነም። ፍሬን አልነበረውም። ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ራሱ ጎን አዞራት።*

ምሳ ዕቃውን በብረቱ መሐል አሾልካ አስቀመጠችው። የምትሄድ መሰለኝ። አልሄደችም።

"እንደገና" አለችኝ።

ሦስት ጊዜ አልኩላት።